እሳት ሲነሣ ምን ይዘን እንውጣ?

ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የገና በዓል ባለፈ ማግሥት፣ ንጋት 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የእናቴ ስልክ ጮኸ። እናቴ በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚደወል ስልክ አትወድም፤ መርዶ ነው እያለች ነው የምታነሣው። የዚያን ዕለቱም ከመርዶ እምብዛም የራቀ አልነበረም።

የደወለችው ታናሽ እኅቷ ነበረች። አክስቴ የምትኖረው በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ምሥራቅ ከተራራ ግርጌ በምትገኘው አልታዲና ነው። እዚያ ሰዓቱ ገና የገና ዕለት ምሽት ነው። አክስቴ ሌሊቱን አስቀድሳ፣ ዶሮዋን ሠርታ፣ እንግዶቿን ሸኝታ አረፍ ከማለቷ ነፋሱ መብራቱን አጠፋባት። በመስኮት ብትመለከት ከጀርባዋ ያለው ተራራ ቀልቷል።

«እትዬ፣ እሳት ከሸለቆው እየወረደ ነው። ውጡ እያሉን ነው። ምን ልያዝ?» አለቻት።

እናቴ አላሰበችም። «ወረቀትሽን ያዢ። ሌላው ሁሉ ይገዛል። ቆመሽ አታውሪኝ፤ ውጪ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ነው አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ መንቀጥቀጥ የጀመረችው።

ውድ አንባቢያት፣ የዛሬው አምዳችን የሚያወሳው እናቴ ይህን መልስ ያለ ማመንታት እንድትሰጥ ስላደረጋት ጉዳይ ነው። እናቴ ይህን ትምህርት የተማረችው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ካዛንቺስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በነበረው ግቢያችን ነው።

እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወሩ የካቲት ነው። የካቲት በአዲስ አበባ ምን እንደሚመስል የከተማው ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከጥቅምት ወዲህ ዝናብ የረባ ነገር አላየም፣ አቧራው ከሰዓት በኋላ እየተነሣ የተሰጣ በርበሬ ያበላሻል፣ የቆርቆሮ አጥሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ ያድራል። ስድስት ቤተሰብ የምንኖርበት የቀበሌ ቤት ግድግዳው አንድ ነው። ምርጊቱ ይሸፍነዋል እንጂ ውስጡ ባሕር ዛፍ ነው። ኮርኒሱ ደግሞ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ጋዜጣና አቡጀዲ እየተደራረበበት የወፈረ ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለነበር አንድ ጎረቤታችን ሻማ በአልጋው ራስጌ፣ በጣሳ ክዳን ላይ አቁሞ እንቅልፍ ወሰደው። ሰውየውን ልንወቅሰው አንችልም፤ ሁላችንም እንደዚያው ነበር የምናደርገው።

እናቴ ወንድሜንና እኔን ከነሌሊት ልብሳችን ጎትታ አወጣችን። መውጫው አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ከፊታችን አንድ ሰው ፍራሽ ተሸክሞ ስለነበር መንገዱ ተዘጋ፤ ሰው ከኋላ ይጮሃል፣ ይገፋል። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ከእሳቱ ይበልጥ የማስታውሰው ያንን ፍራሽ ነው። ሜዳው ላይ እንደ ደረስን እናቴ ትታን ተመለሰች። ስትወጣ በእጇ ምን ይዛ እንደነበር ብነግራችሁ ታዝናላችሁ ወይም ትስቃላችሁ፤ ጀበናዋን ነበር። እርሷ ራሷ ጀበናውን መያዟን ያወቀችው ሴቶቹ ሲነግሯት ነው። ሰው ሲደነግጥ እጁ የሚሄደው በየቀኑ ወደሚነካው ነገር ነው እንጂ ወደሚበጀው አይደለም።

ከአልጋው ሥር በነበረችው ሻንጣ ውስጥ የወንድሜ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት፣ የሁለታችን የልደት ወረቀት፣ የቤቱ የኪራይ ውልና የሟች አባቴ የጡረታ ደብተር ነበሩ። ሁሉም አመድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ እናቴ አገልግላ የማታውቀውን ያህል ጊዜ በየቢሮው ደጅ አገለገለች። አንዱ ጋ ስትሄድ «መጀመሪያ ከዚያኛው ማስረጃ አምጪ» ትባላለች፤ ከዚያኛው ስትሄድ «ከዚህኛው ካልመጣ አንሰጥም» ይሏታል። ወንድሜ አንድ የትምህርት ዓመት አለፈው። የጡረታው ገንዘብ እስኪስተካከል ድረስ ቤታችን የበላው በእድሩና በጎረቤት እጅ ነበር። እናቴ ስለ እሳቱ ስትናገር ስለ ቤቱ አታነሣም። «የልጄን ወረቀት ትቼ ጀበና ይዤ ወጣሁ» ነው የምትለው።

የዚያ ሌሊት ትልቁ ጉዳይ ግን ይህ አልነበረም። ከእኛ ሁለተኛው ቤት የምትኖረው ሴት የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ሁለት ልጆቿን አስተኝታ፣ ከውጭ ቆልፋ፣ ቁልፉን በአንገቷ አንጠልጥላ ትሄዳለች። ሌላ ምን ታድርግ? የሚጠብቅላት የለ፣ በሩን ትታው እንዳትሄድ ፈራች። በሩ ላይ ያለውን ጓጉንቸር ማንም ሊሰብረው አልቻለም። የእድራችን ሰብሳቢ የነበሩት ሰው መጥረቢያ ይዘው በጓሮ በኩል የጭቃውን ግድግዳ ሸነቆሩት፤ ልጆቹ በዚያ ቀዳዳ ወጡ። የትንሿ ልጅ ክንድ ተቃጥሎ ነበር። በሰዓቱ አንዷ ቅቤ አመጣች፣ ሌላዋ የጥርስ ሳሙና፣ ሦስተኛዋ እንቁላል። ሁሉም በደግነት ነው፤ ግን ሐኪሞቹ በኋላ ያንን ሁሉ ከቆዳዋ ላይ ሲያነሡ ልጅቱ የጮኸችውን ጩኸት እናቷ ትነግረን ነበር። ልጅቱ ዛሬ የልጅ እናት ናት። ጠባሳው ግን አለ።

ወደ አልታዲና እንመለስ። በዚያ ዕለት በሎስ አንጀለስ አካባቢ የተነሣው እሳት አንድ አልነበረም። የመጀመሪያው በእነርሱ ሰዓት ረፋድ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር የገና ዕለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በባሕሩ ዳርቻ ባለው ፓሊሴድስ በተባለው ሠፈር ተነሣ። ሁለተኛው አክስቴን ያባረራት ነው፤ ኢተን ከሚባለው ሸለቆ ከመሸ በኋላ ተነሣ። በሁለቱ እሳቶች ብቻ ከ16 ሺህ የሚበልጡ ቤቶችና ልዩ ልዩ ሕንፃዎች ወድመዋል። ቢያንስ 30 ሰዎች ሞተዋል። ከ150 ሺህ በላይ ሕዝብ ቤቱን ለቅቆ እንዲወጣ ታዝዟል።

ይህን ያህል ጥፋት ያመጣው ነፋሱ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ሳንታ አና የሚሉት ደረቅ ነፋስ አለ፤ ከበረሃው ተነሥቶ በተራሮቹ መካከል እየተሹለከለከ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ሸለቆ ጠባብ አፍ አለው፤ ነፋሱ በዚያ ሲያልፍ ይፈጥናል። በዚያን ዕለት ፍጥነቱ በአንዳንድ ሥፍራ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። አገሩ ደግሞ ለወራት ዝናብ አላገኘም። እንዲህ ባለ ጊዜ እሳቱ ሣር ለሣር እየተያያዘ አይሄድም፤ ፍሙ በአየር እየበረረ ከፊት ለፊት ያለውን ጣራ ያቀጣጥላል። ስለዚህ ሰው እሳቱ ገና ከሩቅ ነው ብሎ ሲያይ፣ ከኋላው ያለው ቤት ቀድሞ ይነድዳል። ውሃ የሚረጩት አውሮፕላኖችም በነፋሱ ብርታት የተነሣ በመጀመሪያው ሌሊት መብረር አልቻሉም። የውሃ መቅጃዎቹም ግፊት አጥተው በአንዳንድ ሥፍራ ደረቁ። አሜሪካ የምታክል ሀብታም አገር!

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ከፓሊሴድስ ኮረብታ መውጫው መንገድ ጥቂት በመሆኑ፣ ሁሉም በየመኪናው አንድ ጊዜ ሲወጣ መንገዱ ተዘጋ። እሳቱ ከጎን ሲደርስ ሰዎች መኪናቸውን እዚያው ጥለው፣ ልጅና ውሻ ታቅፈው በእግራቸው ሮጡ። የእሳት አደጋ መኪኖች እንዲያልፉ በኋላ ዶዘር መጥቶ የተተዉትን መኪኖች ወደ ዳር ገፋቸው። ይህን በቴሌቪዥን ስመለከት ያ የካዛንቺሱ ፍራሽ ነው ትዝ ያለኝ።

እንዲህ ያለው የነፋስ እሳት ለእኛም እንግዳ አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በተቃጠለ ጊዜ፣ ጓሳውና አስታው በበጋው ደርቆ ነበር፤ አንድ ጊዜ ጠፋ ሲባል ነፋስ እንደገና ቀሰቀሰው። ገደሉ ለሰው እግር የማይመች በመሆኑ፣ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር የቻለውን ያህል ሲታገል ከሰነበተ በኋላ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው አግዘዋል። ከዚያ በፊትም በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌና በቦረና ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደን ነድዷል።

«ታዲያ ካዛንቺስና ቂርቆስ ምን ሸለቆ አላቸው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው፣ «ካሴ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ነው። እነዚያ ቤቶች ቅጥርና አትክልት ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ በየክፍተቱ የተቀጣጠሉት የጭቃ ቤቶች ግን ሌላ ናቸው። በሁለት ቆርቆሮ አጥር መካከል የሚያልፈውን ያንን ጠባብ መንገድ አስቡት። ወለሉ የሰው እግር የጠረገው ገደል ነው፤ ነፋስ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። በግድግዳው ውስጥ ያለው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ዘይት ያለው፣ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚበር፣ እሳት የሚወድ ዛፍ ነው። እንጀራ የምንጋግርበትም እርሱ፣ የምንጠለልበትም እርሱ። እሳት አደጋ መኪና እዚያ ውስጥ አይገባም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ለብዙ ሰዓታት የነደደው፣ ሱቆቹ እጅግ የተጠጋጉና መንገዱ የተጨናነቀ በመሆኑም ጭምር ነው።

በዚሁ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ብዙው ክፍል በኮሪደር ልማት ሥራ ፈርሶ፣ የቀበሌ ቤት ተከራዮች የነበሩት ገላን ጉራን ወደ መሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች መሄዳቸው ይታወቃል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ግን ያ የድሮው ዓይነት ግቢ ገና አልጠፋም። በቅርቡ ከአንዱ ገብቼ ከእናቶች ጋር ቡና ጠጥቼ ነበር። አንድ ዲቫይደር ላይ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጀር ተሰክተው አየሁ። የኤሌክትሪክ ምጣዱም ተራው ሲደርስ እዚያው ይሰካል። ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ነው። ሽቦው ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ፣ ሶኬቱ ከጠቆረ ወይም ከሸተተ፣ እሳቱ በውስጥ ጀምሯል ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው አንዲት እናት ሳቅ ብለው «ልጄ፣ እሱማ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው» አሉኝ። እኔ አልሳቅኩም። ሳልወጣ ምጣዱን ለብቻው ከግድግዳው ሶኬት ላይ አሰካኋቸው፤ ለዘለቄታው ግን ባለሙያ ጠርተው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር እንዲያስዘረጉለት ተማጽኛቸዋለሁ።

በእነዚሁ እናቶች ፊት ጥያቄዬን አቀረብኩ፤ «አሁን እሳት ቢነሣ ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ?» መጀመሪያ ሁሉም «ልጆቼን» አሉ። ልጆቹ ግን ቤት ውስጥ ያሉት ከማን ጋር ነው? ከስምንቱ ሦስቱ ለሥራ ሲወጡ ቆልፈው እንደሚሄዱ አመኑልኝ። ይህን የምጽፈው እነርሱን ለመውቀስ አይደለም። የሚጠብቅላት ሰው ለሌላት ሴት «ልጅሽን አትቆልፊበት» ማለት ቀላል ነው። ሆኖም መፍትሔው ከሌሎቹ ሁሉ የሚቀድም በመሆኑ ተነጋገርንበት። ለጊዜው የተስማሙት የእያንዳንዱ ቤት መለዋወጫ ቁልፍ ቀን ከሌት ከግቢ በማይጠፉት አንዲት አሮጊት ዘንድ እንዲቀመጥ ነው። አሮጊቷም ቁልፎቹን በሻሽ ጠቅልለው ከመቀነታቸው ሥር አኖሯቸው። «እኔንስ ማን ያወጣኛል?» ብለው ሲጠይቁ ግን ሁሉም ዝም አለ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በአልታዲና ከሞቱት አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ነበሩ። በምዕራቡ ሠፈር የውጡ ትእዛዝ የደረሰው እኩለ ሌሊት ካለፈ ከሰዓታት በኋላ ነው። አክስቴ ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ስለሆነ ይህን ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል፤ «መራመድ የሚችለው ወጥቷል እትዬ» ነው ያለቻት እናቴን። በእኛም ግቢ ማን ማንን እንደሚያወጣ አስቀድሞ በስም መነጋገር ያሻል። እድራችን ለቀብር ድንኳንና ድስት አለው፤ መሰላልና መጥረቢያ፣ በበርሜል የተቀመጠ አሸዋ ቢጨመርበት ማን ይጠላል? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር የመጀመሪያው የእሳት አደጋ መኪና የሴቶቹ ጀሪካን መሆኑም አይረሳ።

እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ነገሩ በእጃችን ነው። የሚነድ ዘይት ወይም ላምባ ላይ ውሃ ማፍሰስ ግን እሳቱን ይበትነዋል፤ ድስቱን በክዳኑ አፍኖ ምድጃውን ማጥፋት ነው የሚሻለው። የቡታጋዝ ሽታ ከመጣ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ይተኛል፤ በርና መስኮት ይከፈት፣ ክብሪትም አይጫር፣ የመብራት ማብሪያም አይነካ። ቤቱ በጭስ ከተሞላ ንጹሑ አየር ከታች ነው፤ እየዳኹ መውጣት ይገባል። ልብስ ከተያያዘ መሮጥ እሳቱን ያባብሰዋል፤ ወድቆ መንከባለል ወይም በብርድ ልብስ መጠቅለል ነው። የተቃጠለ ገላ ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይያዝ እንጂ ቅቤም፣ ሊጥም፣ የጥርስ ሳሙናም አይቀባ። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ጥሪ 939 ነው። ሲደውሉ ከቤት ቁጥር ይልቅ በአቅራቢያ ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት መናገር መኪናውን ያፈጥነዋል፤ አንድ ልጅ ደግሞ ዋናው መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃቸው።

የወረቀቱን ነገር ሴቶቹ ወዲያው ነው የተረዱት። የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የቤት ውል ወይም ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የጡረታ መታወቂያ፤ ይህ ሁሉ በአንድ የፕላስቲክ ቦርሳ ተጠቃሎ ከበሩ አጠገብ ይኑር። ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ላይ ከሆነ የለም ማለት ነው። ዛሬ እያንዳንዱን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለሌላ ከተማ ዘመድ መላክ ይቻላል፤ እናቴ በዘመኗ ይህን ብታገኝ ኖሮ ወንድሜ ዓመት ባልከሰረ።

አክስቴ ፓስፖርቷን፣ የዜግነት ወረቀቷንና የባንክ ደብዳቤዎቿን በእጅ ቦርሳዋ ይዛ ወጥታለች። የተከራየችው ቤት እስከ ጭስ ማውጫው ድረስ ነድዷል። መጀመሪያ ያረፈችው በከተማው ውስጥ፣ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በሚባለው የፌርፋክስ መንገድ አካባቢ ከሚኖሩ ወዳጆቿ ቤት ነው። ሌላ ቤት ለመከራየትም ሆነ ለእርዳታው ለመመዝገብ የጠየቋት እነዚያኑ ወረቀቶች ነበሩ። የገና ዶሮዋ ግን ከነድስቱ ቀርቷል፤ በሳምንቱ ስትደውል ከሁሉ በላይ ያዘነችው ለእርሱ ይመስል ነበር።

እናቴም ከካዛንቺስ ከወጡት አንዷ ናት። አሁን የምትኖረው በከተማዋ ዳርቻ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምርጊትና ባሕር ዛፍ የለበትም፤ ግድግዳው ብሎኬት ነው። በዚህ ምክንያት እሳት የቀረ መስሎን ነበር። በጥር ወር ልጠይቃት ስሄድ ግን ደረጃውን ስወጣ በየማረፊያው የከሰል ማዳበሪያ፣ የተሰበረ ሶፋ፣ የሕፃን ብስክሌት፣ በሁለተኛው ፎቅም ላይ በግድግዳው የቆመ ፍራሽ አገኘሁ። አንዷ ጎረቤት በብርዱ ምክንያት ከሰሏን ከነፍሟ ወደ መኝታ ቤት ታስገባ ነበር፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ያለ ነበልባልም እንደሚገድል ነግሬያት አወጣነው።

እናቴ ፍራሹን አይታዋለች። በመጣች በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቱን አፈላልጋ ነግራዋለች፤ «ነገ አነሣዋለሁ» ብሏት እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ ለእሑድ ሴቶቹን ጠርታለች። እድር ገና አልመሠረቱም፤ ቡናው ግን በእናቴ ቤት ነው። ቦርሳዋ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጀመሪያ ደረጃውን ሊጠርጉ፣ ከዚያም በሰዓት እየያዙ ከአራተኛ ፎቅ እስከ መሬት ሁሉም አንድ ጊዜ ሊወርዱ ተስማምተዋል። አሮጊቶቹን ማን እንደሚደግፍ ገና አልተወሰነም።